ጣናና ጢስ ዓባይ በስልክ ካሜራ፦ ምን ምን ላስተካክል?

ሰብለ_ከአዲሳባ

ሰላም ለዚህ ቤት ሰዎች። በጥቅምት መጨረሻ ከቤተሰብ ጋር ለሦስት ቀን ባሕር ዳር ነን። አንዱን ቀን በጀልባ ወደ ዘጌና ወደ ደሴቶቹ፣ አንዱን ቀን ጢስ ዓባይ፣ የቀረውን ሐይቁ ዳር ልናሳልፍ አስበናል። በእጃችን ያለው አንድ አይፎን 13 እና አንድ የሳምሰንግ ኤ ተከታታይ ስልክ ነው። ካሜራ አንገዛም፣ አንከራይም።

ጥያቄዎቼ፦ ፏፏቴው ዝርዝሩ ጠፍቶ ነጭ ብቻ እንዳይሆን ምን ይደረጋል? ጀልባ ላይ የሚቀረጽ ቪዲዮስ ለምን ይንቀጠቀጣል? ገዳማቱ ውስጥ ያሉትን ሥዕሎች ያለ ፍላሽ አጥርቶ ማንሣት ይቻላል? እናቴ ነጭ ነጠላ ለብሳ ሐይቁን ከኋላዋ አድርጋ ስትቆም ወይ ፊቷ ይጠቁራል ወይ ነጠላው ይነጣና ጥለቱ ሁሉ ይጠፋል፤ መሀሉ የት ነው? ስልኮቹን ከፍንጣቂና ከፀሐይስ እንዴት እንጠብቃቸው? የሜጋፒክሰሉን ክርክር ተዉትና የትኛውን ቦታ እንደምነካ ንገሩኝ።

ደንገል

እንኳን ደህና መጣሽ ሰብለ። ከስልኩ በፊት የፀሐይዋን መንገድ እወቂ። ባሕር ዳር ከሐይቁ በስተደቡብ ናት፤ ወደ ውኃው ስትዞሪ የምታዪው ሰሜንን ነው። ከነሐሴ አጋማሽ እስከ ሚያዝያ አጋማሽ ግድም የቀትር ፀሐይ በደቡብ በኩል ታልፋለች። ስለዚህ እናንተ በምትመጡበት ሰሞን ሐይቁን ፊት ለፊት ስታዪ ፀሐይ አብዛኛውን ቀን ከጀርባሽ ናት። ለውኃውና ለጀልባው ይህ ጥሩ ነው፣ ሰማያዊው ይደምቃል። ለሰው ፊት ግን ዓይን የሚያስጨፍን ብርሃን ነው።

ያን ሰሞን ፀሐይ ጠዋት 12፡25 ገደማ ወጥታ ማታ 12፡05 ገደማ ትገባለች። የምትጠልቀው ከምዕራብ ወደ ደቡብ ዘንበል ብላ ስለሆነ ከከተማው ዳርቻ ቆሞ «ፀሐይ ሐይቁ ውስጥ ስትገባ» የሚባለውን ፎቶ መጠበቅ ልፋት ነው፤ ወደ ሐይቁ በኩል የምትጠጋው በግንቦትና በሰኔ ነው። በጥቅምት መጨረሻ ሁለት አማራጭ አለሽ። አንዱ ከዘጌ ስትመለሱ 11፡30 ላይ ጀልባ ላይ መገኘት ነው፤ ያኔ በአንቺና በፀሐይዋ መካከል ውኃ ይኖራል። ሌላው ቤዛዊት ኮረብታ ላይ ወጥቶ ዓባይንና ከተማውን ከላይ ማየት ነው። ቤዛዊት ላይ ካሜራሽን ወደ ወንዙና ወደ ከተማው አዙሪ፤ እዚያ ወዳለው ቤተ መንግሥት በኩል ጥበቃዎቹን ሳትጠይቂ አታንሺ።

አሁን ወደሚነካው ቦታ። ስልክ ፍሬሙ ውስጥ ያለውን ሁሉ አማካይ አድርጎ መካከለኛ ብርሃን ላይ ሊያመጣው ይሞክራል። ጨለማ ገደል የበዛበት ፍሬም ሲያይ ፎቶውን ያነጣዋል፣ ፏፏቴውም አብሮ ይነጣል። ስለዚህ ውሳኔውን አንቺ ውሰጂ፦ ስክሪኑ ላይ በጣም ነጩን የውኃ ክፍል ጣትሽን ሳታነሺ ሁለት ሰከንድ ያህል ተጫኚ። አይፎኑ ላይ ከላይ ቢጫ ጽሑፍ፣ ሳምሰንጉ ላይ የቁልፍ ምልክት ይወጣል፤ ትኩረቱና ብርሃኑ ተቆልፈዋል ማለት ነው። ከዚያ የፀሐይ ምልክቷን ወደ ታች ጎትቺ። ለፏፏቴ ከ0.7 እስከ 1 መቀነስ አብዛኛውን ጊዜ ይበቃል፤ ቁጥሩ ካልታየሽ የውኃው ዝርዝር እስኪታይ ጎትቺ። ገደሉ ትንሽ ቢጠቁር አትስጊ፣ ጥላ በኋላ በኤዲቲንግ ይነሣል። አንዴ ሙሉ ነጭ የሆነ ውኃ ግን ውስጡ ምንም ስለሌለው የሚመለስ ነገር የለም።

ያው ዘዴ ለፔሊካኖቹም ይሠራል። ነጭ ወፍ ጥቁር ውኃ ላይ ካለ 0.7 ቀንሺ።

ውኃው የሐር ክር መስሎ የሚወርድበትን ፎቶ ከፈለግሽ ሹተሩ (ብርሃን የሚያስገባው መዝጊያ) ሩብ ሰከንድ ያህል መከፈት አለበት። ችግሩ የስልክ ሌንስ መክፈቻ እንደ ካሜራ አይጠብም። በጠራራ ፀሐይ፣ አይኤስኦ (ካሜራው ለብርሃን ያለው ስሜት) 50 ላይ እንኳ ትክክለኛው የሹተር ፍጥነት 1/4000 ሰከንድ አካባቢ ነው። ከዚያ ወደ 1/4 ለመውረድ ብርሃኑን 1000 ጊዜ የሚቀንስ ጥቁር ማጣሪያ ያስፈልጋል። ማጣሪያ ከሌለሽ አይፎኑ ላይ ላይቭ ፎቶን ክፈቺና ስልኩን ድንጋይ ላይ አስደግፈሽ አንሺ፤ በኋላ ፎቶውን ከፍተሽ ከላይ በግራ ከሚወጣው ዝርዝር ረጅም ኤክስፖዠር የሚለውን ምረጪ። የሦስት ሰከንዱን ፍሬሞች ደርቦ ውኃውን ያለሰልሰዋል። እጅሽ ከተንቀሳቀሰ ግን ድንጋዩም ዛፉም አብሮ ይደበዝዛል። ሳምሰንጉ ላይ ፕሮ ሞድ (ሁሉን በእጅ የምታስተካክዪበት) ግቢና ሹተር መኖሩን እዪ፤ አንዳንድ የኤ ሞዴሎች አይኤስኦ፣ ዋይት ባላንስ (የቀለም ሚዛን) እና የብርሃን መጠን ብቻ እንጂ ሹተር የላቸውም።

ጢስ ዓባይ ወደ 42 ሜትር ይወርዳል፣ ሲሞላ ስፋቱ እስከ 400 ሜትር ይደርሳል። ፎቶ ላይ ግን ይህ ግዝፈት አይታይም፣ የሚለካበት ነገር ካልሰጠሽው። ከሩቅ ስታነሺ አንድ ሰው ወይም ተንጠልጣዩ ድልድይ ፍሬሙ ውስጥ ይግባ። ውኃው ክረምቱን ተከትሎ ነው የሚበረታው፤ በጥቅምት መጨረሻ ገና ጥሩ ነው፣ በበጋ ግን ለኃይል ማመንጫው ስለሚጠለፍም በጣም ይሳሳል።

ቀስተ ደመናውን የምታገኚው ፀሐይ ከጀርባሽ፣ ርጩ ደግሞ ከፊትሽ ሲሆን ብቻ ነው። የራስሽ ጥላ ወዴት እንደወደቀ እዪ፤ ቀስቱ ከጥላሽ ራስ 42 ዲግሪ ርቆ ዙሪያውን ይዞራል። ፖላራይዝድ መነጽር ሌንሱ ፊት አድርገሽ ስታዞሪው ቀስቱ አንዴ ይደምቃል አንዴ ይጠፋል፤ የደመቀበት ላይ አቁመሽ አንሺ።

ዘጌ_ማዶ

ደንገል ስለ ብርሃኑ ጨርሶታል። እኔ ስለ ጀልባውና ስለ ገዳማቱ ልበል።

ጀልባ ላይ ሁለት ዓይነት እንቅስቃሴ አለ። የማዕበሉ ዝግተኛ ስለሆነ የስልኩ ማረጋጊያ ያርመዋል። የሞተሩ ግን ፈጣንና ደቃቅ ንዝረት ነው። የስልኩ ሴንሰር ምስሉን መስመር በመስመር ከላይ ወደ ታች ስለሚያነብ ንዝረቱ በመሀል ሲገባ ቀጥ ያለው ነገር ሁሉ ይውለበለባል። ይህን በኋላ የሚያስተካክል አፕ የለም ብትዪ ይሻላል። መፍትሔው ንዝረቱ እጅሽ ላይ እንዳይደርስ ማድረግ ነው፦

– ከመሀል ወንበር ተቀመጪ። የኋላው ወንበር ለሞተሩ ቅርብ ነው፣ የፊቱ ደግሞ ማዕበል ላይ ይዘልላል።
– ስልኩንም ክንድሽንም የጀልባው ጠርዝ ወይም የጣሪያው ብረት ላይ አታስደግፊ። ብዙ ሰው «እንዲረጋ» ብሎ የሚያደርገው ይኼንኑ ነው፣ ንዝረቱ ግን በብረቱ በኩል ቀጥታ ይመጣል። ክርንሽን ጎንሽ ላይ አጣብቀሽ በሁለት እጅ ያዢ፤ ገላሽ ንዝረቱን ይውጠዋል።
– ለዋናው ቀረጻ ጀልባ ነጂው ሞተሩን ለአንድ ደቂቃ እንዲያጠፋልሽ ቀድመሽ ተነጋገሪ። ድምፁም ያኔ ነው ንጹሕ የሚሆነው።

በጠዋት ውጡ። ጣና ከረፋዱ በፊት ይረጋል፣ ከሰዓት በኋላ ነፋሱ ሲነሣ ማዕበሉም ይነሣል። 1 ሰዓት ተኩል ላይ የተነሣ ጀልባና 8 ሰዓት ላይ የተነሣ ጀልባ አንድ ሐይቅ ላይ ያሉ አይመስሉም።

ከደንገል ተክል የተሠራ ታንኳ ካያችሁ ሁለት ነገር። ታንኳው ውኃው ላይ ዝቅ ያለ ስለሆነ ከላይ ወደ ታች ስታነሺው ቅርጹ ይጠፋል፤ ስልኩን ገልብጠሽ ሌንሱን ወደ ታች አድርገሽ ከጀልባሽ ጠርዝ በላይ ዝቅ አድርገሽ ያዢ፣ በማሰሪያ እጅሽ ላይ ታስሮ። ሁለተኛው ከፎቶው ይበልጣል፦ ነጂው ከሩቅ ፍጥነት እንዲቀንስ ንገሩት፣ የሞተሩ ማዕበል ታንኳውንና ጭነቱን ያናውጣል። ለቀዛፊው ካሜራውን አሳይተሽ በእጅ ምልክት ጠይቂው፤ ራሱን ከነቀነቀ ተዪው።

ዘጌ ስትደርሱ ከወደቡ እስከ ገዳሙ የምትሄዱት በቡና ጫካ ውስጥ ነው። እዚያ ጨለማው ላይ ነጠብጣብ ፀሐይ ይወድቃል፤ ፊት ላይ ሲያርፍ ግማሹ ነጭ ግማሹ ጥቁር ይሆናል። ሰውየውን ሁለት እርምጃ አንቀሳቅሰሽ ሙሉ ጥላ ውስጥ አስገቢው፣ አለቀ።

ወደ ሥዕሎቹ። መጀመሪያ ፈቃድ፦ ፎቶና ቪዲዮ የሚፈቀድ መሆኑን፣ ክፍያ ካለውም ስንት እንደሆነ በር ላይ ያሉትን አባት ጠይቂ። ቅዳሴ ወይም ጸሎት ላይ ስልክ አይወጣም፣ ወደ መቅደሱ ውስጥ ካሜራ አይዞርም። ፍላሹን ከሴቲንጉ አጥፊው፣ በ«አውቶ» አትተዪው፤ ጨለማ ሲያይ ራሱ ይበራል። ፍላሽ ለቀለሙም አይመከርም፣ ፎቶውንም መሀሉ ላይ ነጭ ቦግታ ይተውበታል።

እንደ ዑራ ኪዳነ ምሕረት ባሉት ክብ አብያተ ክርስቲያናት ሥዕሉ ያለው በመቅደሱ ውጫዊ ግድግዳ ዙሪያ ነው፤ አንቺ የምትቆሚው በጠባቡ መተላለፊያ ነው። ጥበቱ ሰፊውን 0.5 ሌንስ እንድትጠቀሚ ይፈትንሻል። ይቅርብሽ። አይፎን 13 ላይ ዋናው ሌንስ ከሰፊው ከሁለት ጊዜ በላይ ብርሃን ያስገባል፤ ሰፊው ደግሞ ዳር ያሉትን ቅዱሳን ፊታቸውን ይለጥጣል። በ1 ሌንስ ከግድግዳው ጋር ትይዩ ሆነሽ፣ ሥዕሉን በክፍል በክፍል አንሺ። ስልኩ ወደ ላይ ካጋደለ መስመሮቹ ይጠባሉ፣ ግሪዱን (ስክሪኑ ላይ የሚወጡትን መስመሮች) ክፈቺና ከሥዕሉ ክፈፍ ጋር አስተካክዪው።

ናይት ሞድ በራሱ ሲበራ 1 ወይም 3 ሰከንድ ይልሻል። ጀርባሽን ከውጪው ግድግዳ አስደግፊ፣ ትንፋሽ አውጥተሽ ተጫኚ፣ ሰከንዱ እስኪያልቅ አትንቀሳቀሺ። ትልልቆቹ የእንጨት በሮች ሲከፈቱ ብርሃኑ ብዙ እጥፍ ይጨምራል፤ በትሕትና ከጠየቅሽ ብዙ ጊዜ ይከፍቱልሻል። ቪዲዮ ከሆነ ቀስ ብለሽ ዙሪ፣ ጨለማ ውስጥ ፈጣን እንቅስቃሴ ድብዝዝ ብቻ ነው።

ክብራን ገብርኤል ገዳም እንሄዳለን ካላችሁ ደግሞ፣ እዚያ ሴቶች አይገቡም። ወንዶቹ ከሄዱ ፍላሽ አጥፍተሽ፣ ግሪድ ከፍተሽ ስልኩን ለነሱ ስጪያቸው።

ስልክ_ጥገና_ቀበሌ

ውኃውን ለእኔ ተዉልኝ፣ የዕለት እንጀራዬ ነው።

አይፎን 13 የአይፒ68 ደረጃ (ውኃና አቧራ የመቋቋም መለኪያ) አለው፦ በፋብሪካ ልክ 6 ሜትር ጥልቀት ለ30 ደቂቃ። ይህ ግን ለአዲስ ስልክ፣ ለረጋ ንጹሕ ውኃ ነው። ስክሪኑ አንዴ የተቀየረ ወይም የወደቀ ስልክ ማሸጊያው እንደ ቀድሞው ስለማይሆን ደረጃውን ረሺው። ከሳምሰንግ ኤ ተከታታይ ደግሞ አንዳንዱ አይፒ67 አለው፣ ብዙው ምንም የለውም፤ ሞዴሉን ሳታረጋግጪ ወደ ርጩ አታስጠጊው።

አንገት ላይ የሚንጠለጠለውን የፕላስቲክ ከረጢት ግዢ። ስልኩን ከማስገባትሽ በፊት ደረቅ ሶፍት አስገብተሽ ዝጊና ባልዲ ውኃ ውስጥ ለግማሽ ሰዓት ድፈቂው። ሶፍቱ ከረጠበ ከረጢቱን ጣይው። ስታነሺ ፕላስቲኩን ሌንሱ ላይ ለጥ አድርገሽ ጫኚው፤ በመሀል አየር ካለ ፎቶው ይደበዝዛል። እርጥብ ስክሪን ጣትሽን ስለማይለይ በድምፅ መጨመሪያው ቁልፍ አንሺ።

ጢስ ዓባይ ላይ ያነሣሽው ፎቶ ሁሉ ጭጋግ የለበሰ ከሆነ አብዛኛውን ጊዜ ካሜራው አይደለም፣ ሌንሱ ላይ ያረፈ ርጭና የጣት ቅባት ነው። የመነጽር ጨርቅ በፌስታል አድርገሽ ያዢ። በልብስ ጫፍ መጥረግ ቅባቱን ያዳርሰዋል እንጂ አያነሣውም።

ከረጠበ፦ አጥፊው፣ የቻርጅ ቀዳዳውን ወደ ታች አድርገሽ መዳፍሽ ላይ ቀስ ብለሽ ምቺው፣ ነፋሻ ጥላ ላይ አኑሪው። ሩዝ ውስጥ አትክተቺው፣ ብናኙ ቀዳዳው ውስጥ ይገባል። በፀጉር ማድረቂያም አታሙቂው። ከሁሉ በላይ ሳይደርቅ ቻርጅ አታድርጊው፤ ውኃው ብቻውን ብዙ ጊዜ ይማራል፣ ውኃና ኤሌክትሪክ አንድ ላይ ግን ቀዳዳውን ያበላሻሉ።

ሙቀት። አፕል ለአይፎን የሚመክረው የአየር ሙቀት እስከ 35 ዲግሪ ነው፤ የጣና አየር ራሱ ያን ያህል ባይሞቅም ጥቁር ስልክ ጀልባ ላይ ለፀሐይ ተጋልጦ ቪዲዮ ሲቀርጽ በቀላሉ ያልፈዋል። ስክሪኑ ራሱ ሲጨልም ማስጠንቀቂያው እሱ ነው፦ ቀረጻውን አቁሚ፣ ሽፋኑን አውጪ፣ ጥላ ውስጥ አድርጊው። ቀዝቃዛ የውኃ ጠርሙስ ላይ አታስደግፊው፣ ውስጡ ጤዛ ይይዛል።

ባትሪ፦ 10,000 የተጻፈበት ፓወር ባንክ በተግባር 6,000 አካባቢ ነው የሚያደርሰው፤ 5,000 ባትሪ ላለው ስልክ አንድ ሙሉና ትንሽ ትርፍ። ሐይቁ መሀል ኔትወርክ ሲደክም ስልኩ እሱን በመፈለግ ባትሪውን ይጨርሳል፤ ኤርፕሌን ሞድ ላይ አድርጊው፣ ካሜራው ያለ ኔትወርክ ይሠራል።

አንድ ሌላ። ባጃጅ ወይም ሞተር መሪ ላይ ስልክ አስሮ መቅረጽ ፋሽን ሆኗል። የሞተሩ ንዝረት የሌንሱን ማረጋጊያ ያበላሻል፤ አፕል ራሱ ያስጠነቀቀበት ነገር ነው። ከዚያ በኋላ ካሜራው ያለማቋረጥ ሲንቀጠቀጥ ታያላችሁ፣ ጥገናውም ሙሉ ካሜራ መቀየር ነው።

ሰብለ_ከአዲሳባ

እግዜር ይስጥልኝ፣ ከጠየቅሁት በላይ ነው። ሁለት ነገር ቀረኝ። አይፎኑ ላይ 20 ጊጋ ነው ክፍት ያለው፤ በ4ኬ ልቅረጽ ወይስ በ1080? የእናቴ ነጠላስ? እሱ ታለፈብኝ።

ደንገል

ነጠላው፦ እናትሽን የዋርካ ጥላ ጫፍ ላይ አቁሚያት፣ ፊቷ ወደ ክፍቱ ሰማይ፣ ቀጥታ ፀሐይ ሳይነካት። ፊቷ ላይ ተጭነሽ ቆልፊ፣ ከዚያ 0.3 ያህል ቀንሺና ነጠላውን እዪ፤ ሽመናውና ጥለቱ ከታዩ ትክክል ነው። ፊቷ አሁንም ከጠቆረ አንድ ሰው ከፍሬሙ ውጪ፣ ከእሷ አንድ ሜትር ተኩል ርቆ፣ ፀሐይ ያረፈበት ነጭ ጋቢ ዘርግቶ ይቁም። ብርሃኑ ከጋቢው ተመልሶ ፊቷ ላይ ያርፋል፤ ለዚሁ ሥራ ከሚሸጠው አንጸባራቂ አይተናነስም። ከኋላዋ የሚታየው ሐይቅ ትንሽ ቢነጣ ተዪው። ፎቶው የእሷ ነው።

ቪዲዮው፦ አይፎኑ ከፍተኛ ብቃት (High Efficiency) በሚለው ፎርማት፣ በሰከንድ 30 ፍሬም ሲቀርጽ፣ በ4ኬ በየደቂቃው ወደ 170 ሜጋ፣ በ1080 ወደ 60 ሜጋ ይወስዳል። 20 ጊጋ ማለት በ4ኬ ሁለት ሰዓት ገደማ ነው። ለሦስት ቀን ይበቃል፣ አጫጭር ከቀረጽሽ። 4ኬ አድርጊው፤ በኋላ ከአግድሙ ቪዲዮ ቁመቱን ቆርጠሽ ለቲክቶክ ማውጣት ትችያለሽ።

ዘጌ_ማዶ

አይፎኑ ላይ እስማማለሁ። ሳምሰንጉ ላይ ግን 1080 ይሁን። ብዙዎቹ የኤ ሞዴሎች የቪዲዮ ማረጋጊያቸው የሚሠራው በ1080 ብቻ ነው፤ 4ኬ ስታደርጊው ማረጋጊያው ይጠፋል፣ ጀልባ ላይ ደግሞ የሚያስፈልግሽ እሱ ነው። የሚንቀጠቀጥ 4ኬ ከረጋ 1080 አይሻልም።

ማታ ሐይቁ ዳር ምግብ ቤት ውስጥ ስትቀርጪ መብራቱ ብልጭ ድርግም ካለ የአገራችን ኤሌክትሪክ 50 ኸርዝ ስለሆነ ነው፤ ከ30 ፍሬም ጋር አይገጥምም። አይፎኑ ላይ በካሜራ ሴቲንግ ውስጥ የፓል ፎርማቶችን አሳይ (Show PAL Formats) የሚለውን ክፈቺና 25 ፍሬም ምረጪ። ፕሮ ቪዲዮ ያለው ሳምሰንግ ከሆነ ሹተሩን 1/50 ወይም 1/100 አድርጊ።

ጉማሬ ዓባይ ከሐይቁ በሚወጣበት አካባቢ ሊታይ ይችላል። አይፎን 13 የሩቅ ሌንስ የለውም፤ 2 ስትዪው ከ12 ሜጋፒክሰሉ 3 ነው የሚቀርሽ፣ 5 ላይ ጭቃ ነው። ነጂው እንዲጠጋ ግን አትገፋፉት፣ ጉማሬ ጀልባ ይገለብጣል። ባይኖኩላር ያለው ሰው ካለ የስልኩን ዋና ሌንስ ዓይን በሚደረግበት በኩል አስጠግተሽ፣ ጥቁሩ ክብ እስኪጠፋ ትንሽ ዙም አድርገሽ አንሺ። ሞተሩ ጠፍቶ በቆመ ጀልባ ላይ ይሠራል።

ድሮን ያለ ፈቃድ አታምጡ። የኃይል ማመንጫው፣ የጨራ ጨራው የውኃ መቆጣጠሪያና ድልድዮቹ አካባቢም ጥበቃ ካየሽ ጠይቀሽ አንሺ።

ስልክ_ጥገና_ቀበሌ

የነፋሱን ድምፅ ማንም አላነሣውም። ማይክራፎኑ ከታች የቻርጅ ቀዳዳው አጠገብ ነው፣ ከኋላም ሌንሱ አጠገብ ሌላ አለ። ጀርባሽን ለነፋሱ ሰጥተሽ ገላሽን ከለላ አድርጊ። ጣትሽ ቀዳዳውን እንዳይደፍን ብቻ።

ስትጨርሱ ለቤተሰብ በቴሌግራም ስትልኩት በፎቶ መልክ ሳይሆን በፋይል ላኩት፤ በፎቶ ከሄደ ቴሌግራም ይጨምቀዋል፣ ያ ሁሉ የጥለት ዝርዝር መንገድ ላይ ይቀራል። አንድ ፋይል እስከ 2 ጊጋ ይቀበላል። ሆቴሉ ዋይፋይ ካለው ማታ ማታ ላኩት፣ ለነገው ቦታም ይለቀቅላችኋል።